የናፍጣ ሞተር ቧንቧ፦ ይመለስ ወይስ ይለወጥ?

አንባቢ ሆይ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ናፍጣ ሞተር ቧንቧ የሚጽፈው ምን አግብቶት ነው ብለህ መገረምህ አይቀርም። የምሕንድስና ጓደኞቻችንም ይህን ገጽ ሲገልጡ ፈገግ እንደሚሉ ዐውቃለሁ፤ ይበሉ። እኔ ግን ያለፉትን ሁለት ክረምቶች በአጎቴ ጋራዥ የሒሳብ መዝገብ በመያዝ ስላሳለፍሁ፣ ጆሮዬ ከመዝገቡ ይልቅ ወደ ሞተሩ እያዘነበለ፣ የማላውቀውን እየጠየቅሁ፣ ያልገባኝንም በመጽሐፍ እየፈለግሁ ጥቂት ነገር ለቅሜአለሁ። ደግሞም ከየቤታችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያመጣንና የሚመልሰን አውቶቡስ፣ መብራት ሲጠፋ በየሆስፒታሉ የሚነሣው ጄነሬተር፣ እኛ የምንበላውን ጤፍ ከጎጃም የሚያወርደው የጭነት መኪና፣ ብዙው በናፍጣ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የመካኒክ ብቻ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

ክርክሩ የተነሣው በሐምሌ ወር በአንድ ዝናባም ቀን ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ተፈትተው ቆመዋል። አንደኛው ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ባለ ስድስት ሲሊንደር የጭነት መኪና ነው፤ ሁለተኛው በኤሌክትሪክ አእምሮ የሚታዘዝ ፒክ አፕ ነው። የሁለቱም ኢንጀክተሮች ወጥተው ተመርምረዋል፤ የሚቀረው መግጠም ብቻ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣቱ መካኒክ በጨርቅ ላይ የተደረደሩትን ቧንቧዎች እያሳየ፣ «ጋሼ፣ እነዚህማ ይጣላሉ፤ መጽሐፉ አንድ ጊዜ የተፈታ ቧንቧ ተመልሶ አይገጠምም ይላል» አለ። በጋራዡ ያለው ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌው መካኒክ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ልጄ፣ እኔ ይህን ቧንቧ ስፈታና ስገጥም አርባ ዓመት አለፈኝ። ብረት እኮ ነው፤ እንጀራ አይደል የሚሻግት» ብለው መለሱለት። የጭነት መኪናው ባለቤት ከበሩ ሥር ተጠልሎ ዋጋውን በልቡ ያሰላል።

በሎጂክ ትምህርት «ሁሉም ቧንቧ ይጣላል» የሚለውና «ምንም ቧንቧ አይጣልም» የሚለው ዐረፍተ ነገር አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ አብረው ሐሰት ሊሆኑ ግን ይችላሉ ተብለን ተምረናል። በዚያ ቀን ያየሁት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ስለ አንዱ ሞተር፣ ወጣቱም ስለ ሌላው ሞተር ትክክል ነበሩ፤ ሁለቱም የተሳሳቱት አንዱን እውነት በሁለቱም መኪና ላይ በመጫናቸው ነው። እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ግን ቧንቧው ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ የቃል ነገር ላስቀድም። በጋራዥ ቋንቋ ናፍጣ የሚሄድበት ሁሉ «ቱቦ» ይባላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ከፖምፓው ወደ ኢንጀክተሩ በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ የሚያደርሰውን የብረቱን «ቧንቧ»፣ ከጋኑ ወደ ፖምፓው የሚያመጣውንና ትርፉን የሚመልሰውን የጎማውን «ቱቦ» እላለሁ። ይህ ልዩነት የስም ብቻ እንዳይመስልህ፤ የሁለቱ ፍርድ ለየብቻ ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ወደ ሲሊንደሩ ስቦ እጅግ አድርጎ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ናፍጣው በዚህ ትኩስ አየር ላይ እንደ ጉም ተበትኖ ሲረጭ ያለ ብልጭታ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ይህን ያሰበው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በአውግስቡርግ ከተማ ሞተሩ በደንብ ሠርቶ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1913 በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ሌሊት ከመርከቡ ጠፍቶ ቀረ፤ ሞተሩ በየመንገዱ ሲጮህ አላየም። በእርሱ ዘመን ናፍጣው የሚረጨው በታመቀ አየር ስለ ነበረ፣ የአየር መጭመቂያው ክብደት ሞተሩን ከፋብሪካና ከመርከብ አላስወጣውም። ናፍጣውን ራሱን በፖምፓ ገፍቶ መርጨት ሲለመድና የቦሽ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1927 እንዲህ ያለውን ፖምፓ በብዛት ማምረት ሲጀምር ግን ሞተሩ ወደ ጭነት መኪናና ወደ አውቶቡስ ገባ። እኛ አገር «ኤንትሬ» በሚል ስም የሚታወቀው የጣልያን ፊያት 682 ኤን 3 የዚህ ልጅ ነው። ከፖምፓ እስከ ኢንጀክተር የምትዘረጋዋ ቀጭን ቧንቧም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሞተሩ የደም ሥር ሆነች።

ቧንቧውን በእጅህ ብትይዘው ተራ ነገር ይመስልሃል። ወርዱ ከውጭ ሲለካ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው ግን 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ማለት ግድግዳው ከቀዳዳው እኩል ወፍራም ነው ማለት ነው። ያለ ብየዳ በቀዝቃዛው ተስቦ የተሠራ ብረት ነው። እንዲህ የወፈረበት ምክንያት ግፊቱ ነው። በአሮጌው የጭነት መኪና ኢንጀክተሩ አፉን የሚከፍተው ግፊቱ ወደ 200 ባር ገደማ ሲደርስ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ የሚሄደው ሞገድ ጫፉ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወጣል። አንድ ባር ማለት በአውራ ጣት ጥፍር በምታህል በአንዲት ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ሲጫን ነው። በአዲሶቹ ሞተሮች ግፊቱ 1600 ባር፣ ከ2000 ባርም በላይ ይደርሳል። እንግዲህ በጥፍርህ ላይ አንድ ሙሉ የቤት መኪና ቆሞ ዐስብ።

ይህን ያህል ግፊት የሚያግደው ምን ዓይነት ጓርኒሲዮን ነው ብዬ ጋሼን በጠየቅኋቸው ጊዜ ሣቁብኝ። ጓርኒሲዮን የለም። የቧንቧው ጫፍ በቀዝቃዛው ተቀጥቅጦ ሾጣጣ ራስ ወጥቶለታል፤ የፖምፓውና የኢንጀክተሩ አፍ ደግሞ እንደ ፈንገል ተፈልፍሏል። ዳዶው ሲጠብቅ ሾጣጣው በፈንገሉ ውስጥ ይቀረቀርና ብረት በብረት ላይ ይጋደማል። በመጀመሪያው ማጥበቅ ጊዜ የሾጣጣው ገጽ በዐይን በማይታይ መጠን እየተጨፈለቀ የተቀመጠበትን አፍ መልክ ይይዛል። ናፍጣውን የሚያግደው ይህ ቀጭን ቀለበት ነው። ቀለበቱንም በተፈታ ቧንቧ ጫፍ ላይ እንደሚያብረቀርቅ መስመር አድርገህ ታየዋለህ።

የክርክሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሾጣጣው አንድ ጊዜ የአንዱን አፍ መልክ ከያዘ በኋላ ወደዚያው አፍ ቢመለስ፣ እንደ ቀድሞው ሊጋደም ይችላል። ወደ ሌላ አፍ ቢሄድ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ሁለተኛ መጨፍለቅ ያስፈልጋል። ብረቱ በየጊዜው ሲጨፈለቅ ደግሞ ይጠነክራል፤ እየጠነከረም ሲሄድ እሺ ብሎ መልክ መያዙን ይተዋል። ያን ጊዜ ያፈሳል። ሲያፈስ ደግሞ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው መፍቻውን ወደ መርገጥ ነው። ዳዶውን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ሾጣጣውን እንደ እንጉዳይ ያሳብጠዋል፤ የውስጥ ቀዳዳውንም ያጠብበዋል። ቀዳዳው የጠበበበት ሲሊንደር ከሌሎቹ ያነሰ ናፍጣ ያገኛል፤ ሞተሩም ያነክሳል፤ መካኒኩም ጥፋቱን በኢንጀክተሩ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ጋሼ ወጣቶቹን የሚቆጡት በዚህ ነው፤ «ጉልበትህን ለእርሻ አስቀምጠው» ይላሉ። የብዙዎቹ ሞተሮች መጽሐፍ ለእነዚህ ዳዶዎች የሚያዘው ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ያለውን ነው፤ ይህም በአጭር መፍቻ በአንድ እጅ የሚደረስበት ነው። ትክክለኛው ቍጥር ከየሞተሩ መጽሐፍ መታየት አለበት።

አሁን ስለ ቧንቧው ርዝመት ልናገር፤ እኔን ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። የአሮጌውን የጭነት መኪና ሞተር ብታይ፣ ለፖምፓው ቅርብ የሆነው ሲሊንደር ቧንቧ ያለ ምክንያት ተጠማዞ ሲዞር፣ የሩቁ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ታያለህ። መጀመሪያ ጊዜ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ስድስቱም ርዝመታቸው እኩል እንዲሆን ነው። ፖምፓው ሲገፋ ግፊቱ ወዲያው ኢንጀክተሩ ዘንድ አይደርስም፤ በናፍጣው ውስጥ እንደ ድምፅ ሞገድ ሆኖ በሰከንድ 1400 ሜትር ያህል ይጓዛል። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን ቧንቧ ለመጨረስ ወደ 0.43 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢዞር በአንድ ሚሊሰከንድ 9 ዲግሪ ይዞራል፤ ስለዚህ ሞገዱ እስኪደርስ ሞተሩ 4 ዲግሪ ያህል ዞሮ ይጠብቀዋል። ፋብሪካው ይህን ዐውቆ ፖምፓውን አስቀድሞ ያስነሣል። እንግዲህ አንዱ ቧንቧ ተሰብሮ በምትኩ 20 ሴንቲሜትር የሚረዝም ከሌላ መኪና የተፈታ ቧንቧ ቢገባ፣ የዚያ ሲሊንደር መርጫ ሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ ይዘገያል። ደግሞም ናፍጣ እንደምናስበው የማይጨመቅ ፈሳሽ አይደለም፤ በ1000 ባር ግፊት 5 በመቶ ያህል ይታመቃል። በረዘመው ወይም ቀዳዳው በሰፋው ቧንቧ ውስጥ የሚታመቀው ናፍጣ ብዙ ስለሚሆን ግፊቱ ዘግይቶ ይነሣል። ስለዚህ «ዳዶው ከገባ ይበቃል» የሚለው ፈሊጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ምትክ ቧንቧ ሲፈለግ ርዝመቱም፣ የውስጥ ቀዳዳውም፣ የሾጣጣው ዓይነትም አንድ መሆን አለበት።

ስለ አሮጌው ዓይነት ሞተር የእኔ ፍርድ ከጋሼ ጋር ነው፤ ቧንቧው ይመለሳል። ግን «ብረት ነው» በሚል ምክንያት አይደለም፤ ተመርምሮ ነው የሚመለስ። ጋሼ ራሳቸው በአፋቸው «ዝም ብለህ ግጠም» ቢሉም እጃቸው የሚሠራው ሌላ እንደ ሆነ ቆሜ ተመልክቻለሁ። አስቀድመው እያንዳንዱ ቧንቧ ሲፈታ የሲሊንደሩን ቍጥር በወረቀት ጽፈው በክር ያስሩበታል። የተከፈተውን አፍ ሁሉ ወዲያው በንጹሕ ክዳን ይደፍናሉ። ከዚያ በኋላ ሾጣጣውን ወደ ብርሃን አዙረው ቀለበቱን ያያሉ፤ ቀለበቱ ዙሪያውን ያልተቋረጠ መሆን አለበት፤ ጭረት ወይም ስንጥቅ ካቋረጠው ቧንቧው ወደ ጎን ይወረወራል። ቀዳዳውን ደግሞ በብርሃን አሾልቀው ያያሉ፤ ክብ መሆኑን፣ አለመጥበቡን፣ ውስጡ በዝገት አለመበላቱን ይመለከታሉ። በመጨረሻም ቧንቧውን በሁለት ጣታቸው መካከል እያሳለፉ በሌላ ብረት ተፍቆ የተበላ ቦታ እንዳለው በመዳበስ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ዝም ብለው ነው። እኔ መዝገብ ያዥ ባልሆን ኖሮ «ሽማግሌው ሳያዩ ይገጥማሉ» ብዬ እሄድ ነበር።

የተፋቀ ቦታ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የቧንቧ ማሰሪያ በጎደለበት ሞተር ላይ ነው። ቧንቧዎቹን እርስ በርስ የሚያስተቃቅፉት ትንንሽ ማሰሪያዎች በጥገና ጊዜ ይጠፋሉ፤ ማንም አይፈልጋቸውም፤ ያለ እነርሱም ሞተሩ ይነሣል። ነገር ግን ማሰሪያ የሌለው ቧንቧ በሞተሩ ንዝረትና በግፊቱ ሞገድ እንደ ክራር ክር ይንቀጠቀጣል፤ ከጊዜም በኋላ በአንገቱ ላይ፣ ራሱ ከዘንጉ በሚገናኝበት ቦታ፣ ይሰነጠቃል። አዲስ ቧንቧ ገዝቶ ማሰሪያውን የተወ ሰው ቧንቧውን በብድር ገዛው እንጂ አልገዛውም። እንዲሁም አልገጥም ያለውን ቧንቧ በእጅ አጣሞ ማስገባት ክልክል ነው። ሁለቱንም ዳዶዎች አስቀድሞ በጣት ብቻ ማስጀመር፣ ሾጣጣው ያለ ጭንቀት አፉ ውስጥ መቀመጡን ማየት፣ ከዚያ በኋላ በመፍቻ ማጥበቅ ነው ደንቡ። የተሰነጠቀውን በብየዳ መጠገን የሚባለውን ነገር ማንሣትም አልፈልግም።

ወደ አዲሱ ፒክ አፕ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በዚህ ዓይነቱ ሞተር፣ መካኒኮች «ኮመን ሬይል» በሚሉት፣ ፖምፓው ናፍጣውን አስቀድሞ ወደ አንድ ወፍራም የብረት ማጠራቀሚያ ይገፋዋል፤ ከዚያ ለየኢንጀክተሩ አጭር ቧንቧ ይወጣል፤ ኢንጀክተሩንም የሚከፍተውና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ዘዴው በጭነት መኪና ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን፣ በቤት መኪና ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 በጣልያን ለገበያ ቀረበ። ልዩነቱን ልብ በል፤ በአሮጌው ሞተር ግፊቱ በቧንቧው ውስጥ እንደ ምት መጥቶ ይሄዳል፤ በአዲሱ ግን ሞተሩ እየሠራ እስካለ ድረስ ግፊቱ ሳያቋርጥ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ያቺ በሾጣጣው ላይ ያለች ቀጭን ቀለበት ዕረፍት የላትም።

ሁለተኛው ምክንያት ከግፊቱ ይልቅ ያሳምነኛል። በአዲሱ ኢንጀክተር ውስጥ ያሉት ተንሸራታች ብረቶች በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕ እጅ ጥቂቱን ብቻ፣ ማለት 2 ወይም 3 ሺሕኛውን ያህል ነው። የራስ ጠጉር ውፍረት ከዚህ ሃያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ሾጣጣው ሁለተኛ ጊዜ ሲጨፈለቅ ከገጹ የሚላጥ የብረት ቅንጣት ቢኖር፣ የናፍጣው ማጣሪያ ወደ ኋላ ቀርቷልና የሚያግደው የለም፤ በቀጥታ ወደ ኢንጀክተሩ ይገባል። ብዙ ሠሪዎች በመጽሐፋቸው «የተፈታ ቧንቧ በአዲስ ይተካ» ብለው የሚያዙት ስለዚህ ነው። ሌሎቹ ኢንጀክተሩ በሚለወጥበት ጊዜ ብቻ ቧንቧውም አብሮ ይለወጥ ይላሉ፤ አዲስ አፍ የአሮጌ ሾጣጣን መልክ አያውቅምና። እንዲሁም ጉዳት ካልታየበትና ወደዚያው ቦታ ከተመለሰ ይገጠም የሚሉ አሉ። ስለዚህ ወጣቱ መካኒክ «መጽሐፉ» ሲል የትኛው መጽሐፍ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እርሱ ያነበበው የፒክ አፑን ነበር፤ ፍርዱን ግን በጭነት መኪናውም ላይ ዘረጋው።

ፋብሪካዎች ዕቃ ለመሸጥ ብለው ነው እንዲህ የሚጽፉት የሚል ሐሜት በየጋራዡ ይሰማል። ጨርሶ ውሸት ነው አልልም፤ ፋብሪካ የተጻፈውን ትእዛዝ ባላከበረ ሰው ላይ ጥፋቱን ለመጣል ይመቸዋል። ነገር ግን ሒሳቡን በመዝገብ ያየሁት እኔ ነኝ። የአንዱ ቧንቧ ዋጋ ከአንዱ ኢንጀክተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ቧንቧ አተርፋለሁ ብሎ አራት ኢንጀክተር ማጣት፣ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ዓይነት ነው።

ከዋጋ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ጽሑፍ በእውነቱ የጻፍሁትም ለዚሁ ነው። በአሮጌው ሞተር የትኛው ሲሊንደር እንዳልሠራ ለማወቅ መካኒኮች አንድ የቆየ ዘዴ አላቸው። ሞተሩ እየሠራ የየቧንቧውን ዳዶ በተራ ያላላሉ፤ ዳዶው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ በሽተኛው ሲሊንደር እርሱ ነው። ለአሮጌው ሞተር የሚሠራ ዘዴ ነው፤ በአዲሱ ሞተር ላይ ግን ሰው ይጎዳል። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ጋራዥ የሚሠራ የማውቀው ልጅ፣ ገና ሥራ ለማጅ፣ በኮመን ሬይል ሞተር ላይ የሚያፈስ ቧንቧ ፈልግ ተብሎ እጁን በቧንቧዎቹ ዙሪያ አሳለፈ። እንደ መርፌ ወጋኝ ብሎ እጁን መለስ አደረገ። በጠቋሚ ጣቱ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ እንጂ ደም እንኳ አልታየም። ሣቁበት፤ እርሱም ሣቀ፤ ታጥቦ ሥራውን ቀጠለ። ሌሊቱን እጁ አብጦ እንቅልፍ ነሣው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐኪም ሲደርስ የተጎዳው ሥጋ ሞቶ ነበር፤ ጣቱ ተቈረጠ። የልጁን ጉዳይ ከሰማሁ በኋላ ስፈልግ እንዳነበብሁት፣ ፈሳሽ የሰውን ቆዳ ለመብሳት 7 ባር ያህል ግፊት ይበቃዋል፤ በዚያ ቧንቧ ውስጥ የነበረው ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር እንኳ ከ200 ባር በላይ ነው። ናፍጣው በጅማቱ መካከል ሰርጎ ይሄድና ሥጋውን ከውስጥ ይገድለዋል። ቁስሉ ትንሽ መምሰሉ ነው ክፋቱ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሕመም ባይሰማውም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድና «ናፍጣ በግፊት ገብቶብኛል» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት፤ ቀዶ ጥገናው የሰዓታት ጉዳይ ነውና።

የሚያፈስ ቧንቧ በእጅ አይፈለግም፤ ረዘም ባለ እንጨት ጫፍ ላይ ካርቶን ታስሮ ነው የሚፈለግ፤ ዐይንም በመነጽር ይሸፈናል። ኮመን ሬይል ሞተር ሲሠራ ዳዶው ከቶ አይነካም፤ ከጠፋም በኋላ ግፊቱ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ መጻሕፍት 10 ደቂቃ ብለው ያዛሉ። ሌላው አደጋ እሳት ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቶሎ የማይነድ መሆኑ ያዘናጋል፤ ነገር ግን ከስንጥቅ እንደ ጉም ሆኖ በጋለው የጭስ መውጫ ብረት ላይ ሲረጭ ያለ ክብሪት ይነዳል። በዓለም አቀፉ የመርከብ ደኅንነት ሕግ የሞተሩ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ በሌላ ቧንቧ ውስጥ ተሸፍኖ እንዲሠራ የታዘዘው ስለዚህ ነው። በመኪና ላይ እንዲህ ያለ ካባ የለም።

ስለ ጎማው ቱቦ ብዙ አልናገርም፤ ክርክር የለበትምና። ጎማ ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ሲፈታ የደረቀ ወይም የለሰለሰ ሆኖ ከተገኘ መለወጥ ነው። ከጋኑ ወደ ፖምፓው በሚመጣው መስመር ያለ ስንጥቅ ናፍጣ ሳያወጣ አየር ሊያስገባ ስለሚችል፣ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ሲል ባትሪው በከንቱ ይታማል። አንድ ታሪክ ብቻ ልጨምር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ድኝ የተቀነሰለት ናፍጣ በሥራ ላይ ሲውል፣ በአሮጌው ናፍጣ አብጠው የኖሩ የጎማ ማሸጊያዎች ተኮማትረው በብዙ መኪና ላይ ማፍሰስ ጀመሩ። ማንም ሳይነካቸው ማለት ነው። የመዳቡ ሮንዴላ ግን የሚታዘንለት ነው፤ አንድ ጊዜ ሲጨመቅ ይጠነክራል እንጂ አይሞትም። ካልቀጠነና ካልተጫረ በእሳት ቀይ እስኪሆን አግለው ውሃ ውስጥ ቢነክሩት እንደገና ይለሰልሳል። ጋሼ ይህን ሲሠሩ ብረትን ማጠንከር የለመደ ሰው ነገሩ ተገልብጦ ይታየዋል። የኢንጀክተር ሮንዴላ ሲሆን ግን እርሳቸውም አዲስ ይገዛሉ።

በአገራችን ዕቃ መጣል ከባድ ነው። በምናለሽ ተራ ለሚሠራ ሰው የሚጣል ብረት የለም፤ ይህም ትልቅ ጥበብ ነው። መለዋወጫ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ያሉት ብዙ ዓመት እየተጠገኑ መኖር አለባቸው። ስለዚህ ቧንቧ ሁሉ ይጣል የሚለው ትምህርት ለአሮጌው መኪና ባለቤት ግፍ ነው። ቧንቧ ሁሉ ይመለስ የሚለውም ለሥራ ለማጁ ልጅ ጣት ግፍ ነው።

በዚያ በዝናቡ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ወጣቱ መካኒክ የጭነት መኪናውን ስድስት ቧንቧዎች እያነሣ ለጋሼ አሳያቸው፤ ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩትን ነገር እየተናገሩ መረመሩ። አራቱ ወደየቦታቸው ተመለሱ። የሦስተኛው ሲሊንደር ቧንቧ በማሰሪያ መጥፋት ተፍቆ ስለ ነበረ፣ የስድስተኛውም ቀዳዳ ከማጥበቅ ብዛት ጠብቦ ስለ ተገኘ፣ ርዝመታቸው ተለክቶ ሁለት አዲስ ተገዛ፤ የጎደሉት ማሰሪያዎችም አብረው መጡ። የፒክ አፑ ኢንጀክተሮች ሁለቱ ስለ ተለወጡና መጽሐፉም ስላዘዘ አራቱም ቧንቧዎች በአዲስ ተተኩ፤ ጋሼ አሮጌዎቹን ጥቂት አገላብጠው አዩና፣ «ያሳዝናል፣ ገና ልጆች ነበሩ» ብለው ለወጣቱ ሰጡት። እርሱም ማንም ተሳስቶ እንዳይገጥማቸው አጥፎ አጣመማቸው። እኔም በመዝገቡ ላይ ከዕቃው ስምና ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ዓምድ አሰመርሁ፤ «ቧንቧው ስንተኛ ጊዜ ተፈታ» የሚል። በጭነት መኪናው መስመር ላይ ምን ልጻፍ ብዬ ጋሼን ብጠይቃቸው፣ አሰብ አደረጉና፣ «ከእኔ በፊት ያለውን አላውቅም፤ ከዛሬ ጀምረህ አንድ በል» አሉኝ።